የጥንቱ ሲኒማችንና የዘመን ልብስ

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ተንቀሳቃሽ ሥዕል አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ ጥላ እንደ ሰው ሲራመድ ያየው ሕዝብ ማሳያ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ መሰየሙ የታወቀ ነው፤ ይኸው ሕዝብ ግን በገዛ ልሳኑ የሚናገር ረጅም ፊልም ለማየት «ሂሩት አባቷ ማነው» እስከ ወጣበት እስከ 1957 ዓ.ም. ገደማ መታገሥ ነበረበት። ቀጥሎ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» መጣ።

ከሁሉ ይልቅ ልቡናዬን የማረከው ግን ኃይሌ ገሪማ በጥቁርና ነጭ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ ያበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ባለ ርስቱ ከከፍታው ላይ ወንበሩን አስዘርግቶ ተቀምጦ፣ ከታች የሚደክሙትን ጭሰኞቹን ቁልቁል እየተመለከተ ሲዘልፍ፣ ካሜራው አይቸኩልም፤ በሬው ትልሙን እስኪጨርስ፣ ገበሬውም ላቡን እስኪጠርግ ይጠብቃል (ትዕግሥት የሌለው ተመልካች እንደሚሰለች አልክድም)። በዘመናችን ቴሌቪዥን የሚቀርቡት ታሪክ ቀመስ ድራማዎች በአንጻሩ፣ ከልብስ ሰፊው እጅ ትናንት የወጣ በሚመስል ባለ ወርቀ ዘቦ ካባ መኳንንቱን አስጊጠው፣ ያን ካባ በግብሩ የተሸከመውን ባላገር ከበስተጀርባ አቁመው ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ ሐር ይልቅ የኃይሌ ጭሰኛ የለበሰው የተቀደደ ቡትቶ ስለዚያ ዘመን አብልጦ ይመሰክራል።