ጉሮሮ፣ ቁርጥማትና የሴቶች ልብ
(ስለ ቢቸናና ስለ ሞጣ የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት)

የልብ በሽታ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው በከተማ የሚኖረውን፣ ምቾት የማያጣውንና ዕድሜው የገፋውን ወንድ ነው። ይህ አስተያየት ግን የባላገሩን ኑሮ አይገልጥም። በምሥራቅ ጎጃም፣ ይኸውም በቀድሞዎቹ የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች፣ ታሪኩ ከዚህ የተለየ ነው፤ በልጅነት ጉሮሮ ይጀምርና በእርግዝና ጊዜ ይገለጣል። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን በቅደም ተከተል ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የበሽታውን ጠባይ እንመልከት። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ተሕዋስ የልጅን ጉሮሮ ያሳምማል፤ ትኩሳትም ያመጣል። ሕመሙ በጥቂት ቀን ስለሚለቅ ወላጆች ይረሱታል። ነገር ግን ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ በአንዳንዶቹ ልጆች ላይ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከክንድ ወደ ክንድ የሚዞር የቁርጥማት ትኩሳት ይነሣል። ይህም የሚሆነው ሰውነት ተሕዋሱን ለመከላከል ያሰናዳው ኃይል ተመልሶ የራሱን አካል ስለሚያጠቃ ነው። መገጣጠሚያው ይድናል፤ በልብ ውስጥ ያለው ቫልቭ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። በይበልጥ የሚጠቁት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉት ልጆች ናቸው። ሚትራል የሚባለው የግራ ልብ ቫልቭ መጥበብ ደግሞ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች እንደሚበዛ በየአገሩ ታውቋል።

የሕክምናን ታሪክ ብንመረምር ሴቶች ከመጀመሪያው አንሥቶ በዚህ ነገር ውስጥ እናገኛቸዋለን። ላኤኔክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1816 የልብ ሕመም ምልክት የታየባትን አንዲት ወጣት ሴት ሲመረምር፣ ጆሮውን ከደረቷ ላይ ማድረግ ነውር ስለ መሰለው ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጠ፤ የልብ ማዳመጫ የተገኘው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 ቡዮ የተባለው ሌላው ፈረንሳዊ ቁርጥማትና የልብ በሽታ የተያያዙ መሆናቸውን አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1923 በቦስተን፣ በ1925 ደግሞ በለንደን የሚትራልን ቫልቭ ለማስፋት የተደረጉት ሁለቱ ቀደምት ቀዶ ሕክምናዎች የተፈጸሙት በልጃገረዶች ላይ ነበር። ፔኒሲሊን እ.ኤ.አ. በ1928 ከተገኘ በኋላ፣ በ1950 አካባቢ አንድ ታላቅ ነገር ተረጋገጠ፤ የጉሮሮው ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ከታከመ የቁርጥማቱ ትኩሳት አይነሣም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የቢቸና ወገን የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም የሚገኝበት የታወቀ የትምህርት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን በባላገሩ አለማወቅ ብቻ አመካኝቶ ማለፍ አይገባም። ሕዝቡ የጉሮሮ ሕመም አደገኛ መሆኑን ያውቅ ነበር። እንጥል ማስቆረጥ በጎጃም ገጠር የተለመደው ልጁን ከዚህ አደጋ ለማዳን ተብሎ ነው። ዳሩ ግን እንጥል ቢቆረጥ ተሕዋሱ ከጉሮሮ አይወጣም፤ ይልቁንም የደም መፍሰስና ሌላ ልክፍት ሊከተል ይችላል። ፍርሃቱ ትክክል ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። በእርግዝና ጊዜ የእናት ደም መጠን በመቶ ከ40 እስከ 50 ያህል ይጨምራል፤ ልብም ይህን ሁሉ መግፋት አለበት። ቫልቩ የጠበበ እንደ ሆነ ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ በሳንባ ውስጥ ይታቆራል፤ ሴቲቱም ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጋደም ማለት ይሳናታል። በ10 ዓመቷ ልቧ የተጎዳ ልጅ በ15 ዓመቷ ስታረግዝ፣ ሁለቱ አደጋዎች በ5 ዓመት ውስጥ ይገናኛሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የፈቀደው የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ነበር፤ 18 ዓመት የሆነው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ ይህ ሕግ የክብር ሕግ ብቻ ሳይሆን የልብም ሕግ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው የመንገድ ርቀት ነው። ከሞጣ በዓባይ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ወገን የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪጠገን ድረስ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር እንደ ነበር ይታወቃል። ትንፋሽ ያጠራት እርጉዝ ሴት በእንዲህ ያለ አገር ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ምን ያህል እንደምትቸገር መገመት አያዳግትም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ሴት ሠራተኞችን እስከ ቀበሌ አደረሰ። የልብ ቀዶ ሕክምና ግን በጣም ዘግይቶ መጣ። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማእከል የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ምናልባት «የዛሬው ችግር የደም ግፊትና ስኳር ነው፤ ቁርጥማት ያለፈ ነገር ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። በእርግጥ በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ የደም ግፊት ሴቲቱን በኋለኛው ዕድሜዋ ለልብ በሽታ ያጋልጣል፤ በጭስ ቤት ዘመኗን ሁሉ እሳት ስታነድ የኖረች እናትም ሳንባዋ ብቻ ሳይሆን ልቧም ይጎዳል። ሆኖም አዲሱ በሽታ በአሮጌው ላይ ተደረበ እንጂ አልተካውም። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ስም የተጠራውን የቁርጥማት ልብ በሽታ ማጥፊያ መግለጫ መቀበላቸው፣ የዓለም የጤና ጉባኤም በ2018 ስለዚሁ በሽታ መወሰኑ ይህንኑ ያስረዳል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። የልጅቱን ጉሮሮ ለማከም የሚበቃው ፔኒሲሊን ርካሽ ነው፤ አንድ ጊዜ ቁርጥማት የያዛትም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ብትወጋ ልቧ ዳግመኛ ከመጎዳት ይድናል። የተበላሸውን ቫልቭ መለወጥ ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ውድ ሕክምና ነው። ስለዚህ የቢቸናና የሞጣ እናቶች ልብ የሚጠበቀው በአዲስ አበባው የቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይሆን፣ በቅድሚያ በቀበሌው ጤና ኬላና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በክረምት ዕረፍት ወደ አገራቸው የሚሄዱ ተማሪዎች ጉሮሮዋን ያመማትን ታናሽ እኅታቸውን ወደ ጤና ጣቢያ ቢወስዱ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የምትወልድን እናት ከወዲሁ አዳኑ ማለት ነው።