የፉቹን ተራሮች መኖሪያ

«የፉቹን ተራሮች መኖሪያ» ቻይናዊው ሠዓሊ ኋንግ ጎንግዋንግ (1269–1354) በጥቁር ቀለም በወረቀት ላይ የሠራው ረጅም የመልክዓ ምድር ጥቅልል ሥዕል ነው። ሥዕሉ የፉቹንን ወንዝና በዳርቻው ያሉትን ተራሮች ያሳያል። ቦታው በዛሬዋ ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ከሃንግዦው ከተማ በደቡብ ምዕራብ በኩል ይገኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እሳት ለሁለት ስለከፈለው አንዱ ቁራጭ ዛሬ በሃንግዦው፣ ሌላው በታይፔ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሠዓሊውና ሥራው

ኋንግ ጎንግዋንግ የኖረው ሞንጎሎች ቻይናን በገዙበት በዩዋን ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። ዝቅተኛ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ አለቃው በተከሰሰበት ጉዳይ እሱም ታስሯል። ከተፈታ በኋላ የዳዎ ሃይማኖት ተከታይ ሆነ። ከዉ ጀን፣ ከኒ ዛንና ከዋንግ መንግ ጋር «አራቱ የዩዋን ሊቃውንት» ከሚባሉት አንዱ ነው።

ይህን ጥቅልል የጀመረው ዕድሜው ወደ ሰማንያ ሲጠጋ፣ በ1347፣ ዉዮንግ ከተባለ የዳዎ መነኩሴ ወዳጁ ጋር ወደ ፉቹን በተመለሰበት ጊዜ ነበር። በ1350 በጥቅልሉ መጨረሻ ላይ በጻፈው ማስታወሻ ሦስት አራት ዓመት አልፎም ሥዕሉ እንዳላለቀ ይናገራል። ዉዮንግ ሥዕሉን ሌላ ሰው በተንኮል እንዳይወስድበት ስለሰጋ፣ የእሱ መሆኑ ከወዲሁ እንዲጻፍለት ጠይቆት ነበር።

አሠራሩ

የቻይና ቀለም የሚዘጋጀው ጥላሸትን ከእንስሳ ሙጫ ጋር ለውሶና አድርቆ በዱላ መልክ በመሥራት ነው። ሠዓሊው ዱላውን በድንጋይ ላይ በውኃ ይፈጨዋል፤ የውኃው መጠን ከደብዛዛ ግራጫ እስከ ድፍን ጥቁር ያለውን ልዩነት ይሰጣል። ወረቀቱ ቀለሙን ወዲያው ስለሚመጥ ያረፈ መስመር አይፋቅም። ኋንግ ተራሮቹን የሞላው የተበተነ ቃጫ በሚመስሉ ረጃጅም ጭረቶች ሲሆን፣ በደብዛዛው ቀለም ላይ ደረቅና ጠቆር ያለውን ደጋግሞ ደርቧል።

እንዲህ ያለ ጥቅልል ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በአንድ ጊዜ የክንድ ስፋት ያህል ብቻ እየተዘረጋ፣ ያለፈው ደግሞ በቀኝ እጅ እየተጠቀለለ ይታያል። ስለዚህ ተመልካቹ በጀልባ ወንዙን ተከትሎ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ቆሞ እንዲያይ አልታሰበም።

ቃጠሎው

ሥዕሉ በሚንግ ዘመን የሸን ዦው፣ ኋላም የዶንግ ቺቻንግ ንብረት ነበር። ሁለቱም ስመ ጥር ሠዓሊዎች ናቸው። ከዚያ በዉ ቤተሰብ እጅ ገባ። ዉ ሆንግዩ ጥቅልሉን እጅግ ከመውደዱ የተነሳ በ1650 ሊሞት ሲያጣጥር ከእሱ ጋር እንዲሄድ በእሳት እንዲቃጠል አዘዘ። የወንድሙ ልጅ ሌላ ጥቅልል በምትኩ ጥሎ ሥዕሉን ከእሳቱ አወጣው፤ ሆኖም መጀመሪያው አካባቢ ተቃጥሎ ለሁለት ተቆርጧል።

አጭሩ ቁራጭ «የተረፈው ተራራ» ይባላል፤ ርዝመቱ 51.4፣ ቁመቱ 31.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ1956 ጀምሮ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ሙዚየም ይገኛል። ረጅሙ፣ «የመምህር ዉዮንግ ጥቅልል»፣ 636.9 በ33 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በታይፔ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይቀመጣል። ሁለቱ በ2011 በታይፔ በአንድ አውደ ርዕይ ጎን ለጎን ታይተዋል።

ቅጂዎቹ

በቻይና የሥዕል ትምህርት የቀደሙትን ሥራ መገልበጥ እንደ ማጭበርበር አይቆጠርም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ሺየ ሀ ካስቀመጣቸው ስድስት የሥዕል መርሆች የመጨረሻው ይኸው ነው። ሸን ዦው ጥቅልሉ ከእጁ ከወጣ በኋላ በ1487 ከትዝታው ሌላ ሣለ፤ ይህ ሥራ ከቃጠሎው በፊት የነበረ በመሆኑ የጠፋውን ክፍል ለመገመት ይረዳል።

ይበልጥ የሚያስገርመው «የዚሚንግ ጥቅልል» የተባለው ቅጂ ታሪክ ነው። ንጉሠ ነገሥት ችየንሎንግ በ1745 ይህን ቅጂ አግኝቶ እውነተኛው ነው ብሎ አመነ። በሚቀጥለው ዓመት ዋናው ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ ደግሞ ሐሰተኛ ነው አለና ፍርዱ በራሱ በሥዕሉ ላይ እንዲጻፍ አደረገ። በወደደው ቅጂ ላይ ግን በተለያየ ጊዜ ከሃምሳ በላይ ጽሑፍ ጻፈበት፤ ባዶ የነበረው ሰማይ በፊደልና በማኅተም ተሞላ። ዋናው ከዚህ የዳነው በንጉሡ ስህተት ነው ማለት ይቻላል።

ሕትመቶች

ወረቀትና ቀለም በብርሃን ስለሚጎዱ ዋናው ጥቅልል ለሕዝብ የሚታየው አልፎ አልፎና ለአጭር ጊዜ ነው። ብዙ ተማሪ የሚያውቀው በሕትመት ነው። በቤጂንግ ሮንግባኦዣይ የተባለው ቤት የታወቀበት የእንጨት ሕትመት የአንድን ሥዕል እያንዳንዱን የቀለም ድምቀት ለብቻው በእንጨት ቀርጾ በውኃ ቀለም በወረቀት ላይ ያትማል። የቶኪዮው ኒጌንሻ አሳታሚ ደግሞ የታይፔውን ሙዚየም ሥዕሎች በፎቶግራፍ፣ በትክክለኛ መጠናቸው አሳትሟል። በሕትመት የጭረቱ ቅርጽ በደንብ ይታያል፤ ቀለሙ በወረቀቱ ጭረት ውስጥ የገባበት ጥልቀት ግን አይወጣም። በስልክ ከሆነ የባሰ ነው፤ የታይፔው ክፍል ርዝመቱ የቁመቱን ከ19 እጥፍ በላይ ስለሆነ በስክሪን ስፋት ሲገባ ቀጭን ክር ይሆናል።

የሚሸጡ ጥቅልሎች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ቁራጮች አገናኝተው ያቀርባሉ። የየትኛው ሥራ ሕትመት እንደሆነ ለመለየት ሰማዩን መመልከት ይጠቅማል፤ በጽሑፍ የተጨናነቀ ከሆነ የዚሚንግ ቅጂ ነው። በዋናው ረጅም ክፍል መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ ተጠቅልሎ ሳለ ስለተቃጠለ፣ በየተወሰነ ርቀት የሚደጋገሙና ወደ ግራ ሲሄዱ እያነሱ የሚመጡ የተጠገኑ የእሳት ቀዳዳዎች ይታያሉ።