ክንዱ ተለካ፤ አንደበቱስ?

በዋግ ኽምራ ሕፃን በመዝገብ መስፈር የጀመረው በረኀብ በኩል ነው ማለት ይቻላል። በ77ቱ ድርቅ ከዋግ ደጋ ተነቅሎ ኮረም መጠለያ ለደረሰ ሕፃን የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውነቱ ምን ያህል መንምኗል የሚል ነበር። ልኬቱ ከመጠለያው ወደ ጤና ኬላ ተሻገረ፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይዘውት ቤት ለቤት ዞሩ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ሰነዱ በዋግ ዋና ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ይህ ታሪክ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ የከፈተው በር ግን አንድ ብቻ ነው። ክንዱ የቀጠነ ሕፃን መዝገብ፣ አልሚ ምግብና ክትትል አለው። ጠግቦ ያደገ፣ ነገር ግን በስሙ ሲጠሩት ዞር የማይል፣ በሦስት ዓመቱ አፉን ያልፈታ ልጅስ?

ይህ ልጅ ኦቲዝም ያለበት ሊሆን ይችላል፤ የእርሱ ታሪክ የተጀመረው ሌላ ቦታ ነው። ኦቲዝምን ሊዮ ካነር በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1943 ከገለጸው በኋላ፣ ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ እስኪከፈት እ.ኤ.አ. 2002 ደርሷል። መሥራቿ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ፤ ኋላ የተከተለውን የነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። ሁለቱም ከሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ግርግር የሚያስጮኸውን ልጅ በአውቶቡስ ጭኖ፣ እርሻውን ጥሎ፣ ቤት ተከራይቶ ምርመራው ቢገኝ እንኳ፣ ሕክምናው በየሳምንቱ ለዓመታት የሚቀጥል ነው። ስለዚህ ጠበልን የመረጠችን እናት አላወቀችም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ጠበሉ ቅርብ ነው፣ ቀጠሮ የለውም፣ ከልጇም አይለያትም። ክሊኒክ በቅርባቸው ያሉ የአዲስ አበባ ወላጆችም ቢሆኑ ብዙዎቹ ጠበሉንና ሐኪሙን ጎን ለጎን እንደሚሞክሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ልጁ በሰንሰለት ሲታሰር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ሕፃን በሚራብበት፣ ጦርነት ጤና ተቋማቱን ባራቆተበት አገር ኦቲዝም ቅንጦት ነው የሚል አለ። ነገር ግን ረኀቡና ኦቲዝሙ ሁልጊዜ የተለያዩ አይደሉም። ብዙ የኦቲዝም ልጆች ልስላሴውን ወይም ሽታውን ጠልተው ምግብ ይመርጣሉ፤ የተሰጠውን አልሚ ምግብ የሚተፋ ልጅ ክብደት ሳይጨምር ሲቀር ወቀሳው በእናቲቱ ላይ ያርፋል። ደግሞም ሁለተኛ ጉዞ አያስፈልግም፤ ክንዱን የምትለካው ሠራተኛ በዚያው ጉብኝት ሕፃኑ በጣቱ ያመለክት እንደሆነ፣ ጆሮውም ይሰማ እንደሆነ ልትጠይቅ ትችላለች።

የሚከብደው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፦ ሕክምና በሌለበት ስሙን መንገር ምን ይጠቅማል? ለቤተሰቡ የሚተርፈው የጎረቤት ሐሜት፣ የእኅቶቹም ትዳር መሰናከል ከሆነ፣ የወላጆች ማመንታት ልክ ነው። እኔም ይህን እቀበላለሁ። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው የወላጆች ሥልጠና፣ ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሰዎች የሚሰጥና ከልጅ ጋር መጫወትን፣ መግባባትን የሚያስተምር ነው፤ ለመጀመር የመጨረሻውን የሐኪም ቃል መጠበቅ አይሻም። እንግዲህ በዋግ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይቻላል፤ እርዳታው አስቀድሞ፣ ስሙ ኋላ። ጥያቄዎቹ ግን እንደየቤቱ ቋንቋ በኽምጣግናም መቅረብ አለባቸው፤ በኽምጣግና ያደገ ሕፃን በአማርኛ ተጠይቆ ዝም ቢል፣ ዝምታው ከልጁ ይሁን ከቋንቋው መለየት አይቻልም።