የካፋ ታሪክ በውጭ አገር ሊቃውንት መጻሕፍት

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በሌላ ሕዝብ ቋንቋ ሲጻፍ ታሪኩ ከመጥፋት ይድናል፤ የታሪኩ ባለቤት ግን የተጻፈውን አንብቦ ለመፍረድ አይችልም። ስለ ካፋ ኅብረተሰብ የተጻፉት ሊቃውንታዊ መጻሕፍት ዕጣ ይኸው ነው። እነዚህን መጻሕፍት ማን ጻፋቸው? ከምን ተነሥቶ ጻፋቸው? ለእኛስ ምን ይጠቅሙናል? የሚሉትን ጥያቄዎች ባጭሩ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች መንገደኞችና ሚሲዮናውያን ነበሩ። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በ1843 ቦንጋ ደርሷል። ኢጣሊያዊው ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ በካፋ ተቀምጦ በ1861 ከተባረረ በኋላ ያየውንና የሰማውን በ12 ጥራዝ ትዝታው ውስጥ አካቶታል። እነዚህ ሰዎች ካፋን የተመለከቱት በንግዱ መንገድና በንጉሡ አደባባይ በኩል ነበር። ስለ ታቶው፣ ማለትም ስለ ንጉሡ፣ ክብር ብዙ ሲጽፉ ስለ አራሹ የጻፉት ጥቂት ነው።

የካፋ መንግሥት በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ በተመራው ጦር ተሸንፎ የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከ። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1905፣ የቪየናው ፍሪድሪክ ቢበር ካፋ ገባ። ቢበር ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነበር። በ1920ና በ1923 በሁለት ጥራዝ ያሳተመው «ካፋ» የተባለ የጀርመንኛ መጽሐፍ ስለ ሹመቱ፣ ስለ ሥርዓቱና ስለ ዕደ ጥበቡ እጅግ ሰፊ መረጃ ይዟል። የቀድሞውን ሥርዓት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በሕይወት ሳሉ በመድረሱ ከእሱ በኋላ የመጣ ተመራማሪ ሊያገኘው የማይችለውን አግኝቷል። ይሁን እንጂ የተነገረው የወደቀ መንግሥት ትዝታ መሆኑን አንባቢ መዘንጋት የለበትም፤ የወደቀ ቤት ሲታወስ ከነበረው በላይ ሊያምር ይችላልና።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጥናቱ ማዕከል በከፊል ወደ አሜሪካ ዞረ። በ1958 የወጣው የአሜሪካ የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ቋንቋዎችንና አገሮችን እንዲያጠኑ ገንዘብ መደበላቸው። ሕጉ የመነጨው ከኃያላን ፉክክር መሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን ከተስፋፋው ጥናት የተገኘው ዕውቀት ከፉክክሩ የሰፋ ሆነ።

አምኖን ኦረንት በ1969 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የካፋን የጎሣ አወቃቀርና የመንፈስ እምነት የሚመረምር ነው። በ1970 ደግሞ ከ1897 በፊት ስለነበረው የካፋ ፖለቲካዊ ሂደት ጽፏል። የዚህ ዓይነቱ ጥናት ዋና ጥቅም ዓይናችንን ከዙፋኑ ወደ ጎሣው መመለሱ ነው፤ ታቶው ምክሬቾ ከተባሉት አማካሪዎቹና ከጎሣዎቹ ተነጥሎ የሚታይ ገዥ አልነበረምና።

በቋንቋ ጥናት በኩልም ትልቅ ለውጥ መጣ። ቢበር በመጽሐፉ ርእስ ካፋን «ጥንታዊ የኩሽ ሕዝብ» ብሎ ነበር። አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሌሚንግ ግን በ1969 ካፊኖኖና ዘመዶቹ ከኩሽ ተለይተው ራሳቸውን የቻሉ ቤተሰብ ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሊዮኔል ቤንደርም ይህን ሐሳብ ደግፎ አስፋፋው፤ ቤተሰቡ ከኦሞ ወንዝ ስም «ኦሞቲክ» ተባለ። አንድ ትልቅ መጽሐፍ በሽፋኑ ላይ ያተመው ስያሜ በሃምሳ ዓመት ውስጥ እንደገና መመርመር እንዳስፈለገው ልብ ይሏል።

ቬርነር ላንገ ደግሞ ወደ ዘፈን አተኮረ። በ1979 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የታተመው መጽሐፉ የካፋን ደጋ ተራኪ ዘፈኖች የገዥነትና የእንቢታ ምስክር አድርጎ ያቀርባል። በ1982 የደቡብ ጎንጋን ሕዝቦች ታሪክ አሳተመ። ከቤተ መንግሥት መዝገብ ይልቅ በሕዝብ አፍ የኖረን ቃል ለታሪክ ምንጭነት ማብቃቱ ለኪነ ጥበብ ሰው ልዩ ትምህርት ነው።

የአገር ልጆች ድርሻስ? በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካፋ-ሞቻን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል ተካሂዷል። ካፊኖኖ ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በትምህርት ቤትም ይሰጣል። በ2004 የአቶ በቀለ ወልደማርያም የካፋ ሕዝቦችና መንግሥታት ታሪክ በአማርኛ መታተሙ ጉዳዩን ወደ ባለቤቱ ያቀረበ እርምጃ ነበር።

የቀረው ሥራ ግን ብዙ ነው። ቦንጋና የነገሥታቱ መቀመጫ የነበረችው አንደራቻ በመጻሕፍቱ ውስጥ ደምቀው ሲታዩ እንደ ቢታ ያሉት ምዕራባዊ ወረዳዎች ደብዝዘው ይቀራሉ። የማንጆ ተወላጆችም ሌላው ስለ እነሱ የተናገረው እንጂ ራሳቸው የተናገሩት በበቂ አልተጻፈም። በቢታ ገነት ያለ መምህር የወረዳውን ታሪክ ለተማሪዎቹ ሊያስተምር ቢነሣ ጀርመንኛውንና እንግሊዝኛውን መጽሐፍ ከየት ያመጣል? ቢያመጣስ ስለ ቢታ ስንት ገጽ ያገኛል?

ስለዚህ ተግባሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የተጻፈውን ወደ አማርኛና ወደ ካፊኖኖ መልሶ ለባለቤቱ ፍርድ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው፣ ያልተጻፈውን ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች አፍ፣ የተናጋሪውን ጎሣና መንደር እየጠቀሱ፣ አንዱን ቃል ከሌላው እያስተያዩ መመዝገብ ነው። የውጭ አገር ሊቃውንት መጻሕፍት በዚህ ሥራ ረዳት ይሆናሉ፤ የመጨረሻ ዳኛ ግን ሊሆኑ አይገባም። መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ተራ ይጠብቃል፤ ሽማግሌ ግን አይጠብቅም።