ባሽቻርሺያ፦ በወቅፍ የተቆረቆረው የሳራዬቮ አሮጌ ገበያ

ባሽቻርሺያ የቦስኒያና ሄርዞጎቪና ዋና ከተማ በሆነችው ሳራዬቮ፣ ከሚልያትስካ ወንዝ በስተሰሜን የሚገኝ በኦቶማን ዘመን የተቆረቆረ የገበያ ሰፈር ነው። «ባሽ» በቱርክኛ ራስ ወይም ዋና ማለት ነው፤ «ቻርሺያ» ደግሞ ገበያ። አውሮፓ ውስጥ የሚኖሩም ሆኑ በኢስታንቡል በኩል የሚያልፉ አንባቢዎቻችን አንድ ቀን እግራቸው ወደዚያ ቢመራቸው ይጠቅማቸዋል ብለን ስለ ታሪኩ፣ ስለ መስጂዱና ስለ አካሄዱ የምናውቀውን እዚህ አሰባስበናል። «ዓ.ም.» ከተባለው በስተቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቹ የጉዞ ጽሑፎች ባሽቻርሺያን የሚያስተዋውቁት በርግቦቹና በቡናው ነው። እኛ ግን ከወቅፍ እንጀምራለን፤ ምክንያቱም ወቅፍን ሳይረዱ ይህን ገበያ ማየት ቤቱን ትቶ በሩን ብቻ እንደ ማየት ነው።

ከተማዋን የመሠረታት የኦቶማን ገዥ የነበረው ኢሳ በይ ኢሳኮቪች ነው። የሳራዬቮ የልደት ዓመት ተብሎ የሚጠቀሰው 1462 ነው፤ ይህም ኢሳ በይ የወቅፍ ሰነዱን ያጻፈበት ዓመት ነው። በሰነዱ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ዛዊያ፣ በወንዙ ላይ የተሠራ ድልድይ፣ ለነጋዴዎች ማደሪያ የሚሆን ሐን እና ሱቆች ተዘርዝረዋል። የከተማዋ ስም ራሱ የመጣው እርሱ ካሠራው ቤተ መንግሥት ነው፤ «ሳራይ ኦቫሲ» ማለት በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያለ ሜዳ ማለት ነው።

ሥራውን ወደ ላቀ ደረጃ ያደረሰው ግን ጋዚ ሁስረቭ በይ ነው። በእናቱ በኩል የሱልጣን ባየዚድ ሁለተኛ የልጅ ልጅ ሲሆን፣ በ1521 የቦስኒያ ገዥ ሆኖ ተሾመ፤ በ1541 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስም፣ በመሐል ከነበሩት መቋረጦች በስተቀር፣ በዚያው ሹመት ቆየ። ሀብቱን ለወቅፍ ሰጠ። መስጂድ፣ መድረሳ፣ የሱፊዮች ኻንቃ፣ ለድሃና ለመንገደኛ ምግብ የሚሰጥ ወጥ ቤት፣ ሐማም፣ ሐን፣ እንዲሁም ከድንጋይ የተሠራና ጣሪያው የተከደነ ረጅም ገበያ ከዚህ ወቅፍ ወጡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሱቁ፣ ሐማሙና ሐኑ ይከራያሉ፤ ኪራዩ የኢማሙን ደመወዝ፣ የተማሪዎቹን ቀለብ፣ የወጥ ቤቱን እንጨትና ሥጋ ይሸፍናል። ነጋዴው ከመስጂዱ አጠገብ የሚሠራው ለጌጥ አይደለም፤ እርሱ የሚከፍለው ኪራይ ነው መስጂዱን ያቆመው። የመድረሳው ሰነድ በ1537 ሲጻፍ ከግንባታው የተረፈ ገንዘብ ካለ መጽሐፍ እንዲገዛበት ታዘዘ። ዛሬ ከባልካን ታላላቅ የእስልምና የጽሑፍ ቅርሶች ማኅደሮች አንዱ የሆነው የጋዚ ሁስረቭ በይ ቤተ መጻሕፍት የተነሣው ከዚያች አንዲት ትእዛዝ ነው። መድረሳውም እስከ ዛሬ ያስተምራል።

ገበያው ውስጥ ሲገቡ መንገዶቹ በሙያ ስም እንደሚጠሩ ያስተውላሉ። ካዛንጂሉክ የመዳብ ሠራተኞች፣ ሳራቺ የቆዳና የኮርቻ ሠራተኞች፣ ኮቫቺ የብረት ቀጥቃጮች፣ ኩዩንጂሉክ የወርቅና የብር አንጥረኞች ነበሩ። የሐረር ጀጎልን መኪና ግርግር የሚያውቅ ሰው፣ ሰፌዎቹ ማሽናቸውን ይዘው ከመንገዱ ዳር የተደረደሩበትን፣ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። የሱቆቹ በር ግን የተለየ ነው። የእንጨት መዝጊያው አግድም ለሁለት የተከፈለ ሲሆን የላይኛው ወደ ላይ ተነሥቶ ከዝናብና ከፀሐይ ይከልላል፤ የታችኛው ወደ ታች ወርዶ ባለሱቁ የሚቀመጥበትና ዕቃውን የሚዘረጋበት መደብ ይሆናል። ማታ ሁለቱም ይዘጋሉ። በዱሮው ሥርዓት ገበያው ውስጥ ቤተሰብ አይኖርም፤ መኖሪያው ማሃላ ተብለው በሚጠሩት በኮረብታው ዳገት ባሉ ሰፈሮች ነበር። ጎብኚው ዛሬም ከገበያው ወደ ላይ የሚወጡትን ጠባብ መንገዶች ቢከተል የግቢ በሮችንና በየማሃላው ያሉትን ትናንሽ መስጂዶች ያገኛል። ብዙ ሰው ወደዚያ አይወጣም። እኛ ግን እንዲወጡ እንመክራለን።

የገበያው ልብ የጋዚ ሁስረቭ በይ መስጂድ ነው፤ የአገሬው ሰው «የበይ መስጂድ» ይለዋል። የተሠራው በ1530 እና 1531 አካባቢ ነው። በግቢው መሐል የውዱእ ምንጭ አለ፤ በስተጎን የሁስረቭ በይ መቃብር ያረፈበት ቱርባ ይገኛል። ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ ትኬት ቆርጦ ከሶላት ወቅት ውጭ ይገባል፤ ለሶላት የሚመጣ ግን እንደ ማንኛውም መስጂድ ሰላምታ ሰጥቶ ይገባል። ቦስኒያውያን የሐነፊይ መዝሀብ ተከታዮች ናቸው፤ ስለዚህ በሻፊዒይ መዝሀብ ያደገ ወንድም ወይም እኅት በቁኑትና በዊትር ሶላት አንዳንድ ልዩነት ቢያይ አይገረም። ለጁሙዓ ከሆነ ቀደም ብሎ መድረስ ነው፤ ሰው ግቢውን ሞልቶ ወደ ውጭ ይተርፋል።

መስጂዱ ከ1992 እስከ 1996 በነበረው ከበባ በመድፍ ተጎድቶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በሳዑዲ ዕርዳታ በተደረገው ጥገና የውስጥ ግድግዳው ነጭ ተቀባ፤ የቆየው የቀለም ጌጥ ጠፋ። ይህ በከተማዋ ብዙ ክርክር አስነሣ፤ ኋላም ጌጡ እንደገና ተሣለ። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ ረጂ መመስገን አለበት፤ የቤቱ ባለቤቶችም መጠየቅ አለባቸው።

ከመስጂዱ አጠገብ የቆመው የሰዓት ግንብ ኢትዮጵያዊውን ከማንም ይልቅ ማስደነቅ ያለበት ነገር ነው። ባዕድ ጎብኚ ቀና ብሎ ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ ያልፋል። አልተበላሸም። ሰዓቱ ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ይላል፤ አዲሱም ቀን ከመግሪብ ይጀምራል። እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ሰዓት ስንል ያደግን ሰዎች ለዚህ አስረጂ አያስፈልገንም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ የቀንና የሌሊቱ ርዝመት በዓመት ውስጥ ብዙም አይለዋወጥም፤ በሳራዬቮ ግን በበጋው አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት እንዳለፈ ትጠልቃለች። ስለዚህ ሰዓቱ እየተከታተለ የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋል። ይህ ሰው «ሙወቂት» ይባላል፤ ወቅት ጠባቂ ማለት ነው። የዛሬው የሰዓት ማሽን በ1870ዎቹ ከለንደን የመጣ ነው። መስጂዱ ግቢ ውስጥም ለሙወቂቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ክፍል አለ።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ በዝርዝር ማውሳት ይገባናል። ነሐሴ 1992 ላይ በገበያው ምሥራቃዊ ጫፍ ያለው ቪዬችኒትሳ የተባለው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ በመድፍ ተመትቶ ነደደ፤ እጅግ ብዙ መጻሕፍትም አመድ ሆኑ። የጋዚ ሁስረቭ በይ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ግን የእጅ ጽሑፎቹን በሣጥን እያሸጉ፣ በተኩስ መሐል ድልድይ እየተሻገሩ፣ ከአንድ መሸሸጊያ ወደ ሌላው ያዘዋውሩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ከኮንጎ የመጣ የሌሊት ዘበኛ ነበር። ከ10,000 በላይ የሚሆኑት የዐረብኛ፣ የቱርክኛ፣ የፋርስኛና የቦስኒያኛ ጥራዞች በአብዛኛው ተረፉ። በ2014 በኳታር ዕርዳታ የተሠራው አዲሱ ሕንፃ ከመስጂዱ ጥቂት ርምጃ ርቀት ላይ ተከፈተ፤ ውስጡ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሙዚየም አለው። ቪዬችኒትሳም በዚያው ዓመት ታድሶ ተከፍቷል። ሰዓት ያጠረው ሰው ሁለቱን ማየት ካልቻለ የእጅ ጽሑፎቹን ቤት ያስቀድም።

ገበያው ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር። በ1697 የኦስትሪያው የጦር አዛዥ ልዑል ኦይገን ከተማዋን አቃጠለ። በ1879 የተነሣው እሳት ደግሞ የገበያውን ትልቅ ክፍል በላ፤ ገበያው ወደ ምዕራብ በድንገት አልቆ የቪየና መልክ ያለው ጎዳና የሚጀምረው ከዚያ እሳት በኋላ ቦታው በኦስትሪያ ሃንጋሪ አስተዳደር ዘመን እንደ አዲስ ስለተሠራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው የኮሚኒስት መንግሥት የወቅፍ ንብረቶችን ወረሰ፤ ገበያው «ያረጀ ነው» ተብሎ እንዲፈርስ ተወስኖም ብዙ ሱቆች ከሥራቸው ተነቀሉ። ኋላ ሐሳቡ ተለውጦ የተረፈው ተጠገነ፤ የ1984ቱ የክረምት ኦሎምፒክም ለጥገናው አንድ ምክንያት ሆነ። የ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች የወቅፍ መወረስ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቁታል። በቦስኒያ የተወረሱት ንብረቶች የመመለሳቸው ጉዳይ ከጦርነቱ በኋላም እልባት ሳያገኝ የቆየ የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ጥያቄ ነው።

ከዚህ ሌላ ሞሪቻ ሐን ሊታይ ይገባዋል። ከከተማዋ ሐኖች የተረፈው እርሱ ብቻ ነው፤ ታች ፈረሶች፣ ላይ ነጋዴዎች ያድሩበት ነበር፤ አሁን ግቢው ቡና ቤት ነው። የኦቶማኑ ሳድረዓዘም ሩስተም ፓሻ በ1551 ያሠራው ብሩሳ በዚስታን ባለ ስድስት ጉልላት ሲሆን ከቡርሳ የሚመጣ ሐር ይሸጥበት ነበር፤ ዛሬ የከተማዋ ሙዚየም ነው። በአደባባዩ ላይ ያለው ከእንጨት የተሠራ ሰቢል፣ የመጠጥ ውሃ ምንጭ፣ መጀመሪያ የቆመው በ1753 ነው፤ የዛሬው በኦስትሪያ ሃንጋሪ ዘመን የተሠራ ነው። ወደ ኮቫቺ ዳገት ሲወጡ በጦርነቱ የወደቁ ሸሂዶች የተቀበሩበት ነጫጭ የመቃብር ድንጋዮች የሞሉበት ቦታ ይገኛል፤ በ2003 ያረፉት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዓሊያ ኢዘትቤጎቪችም እዚያው ናቸው። ፎቶ ከማንሣት በፊት ፋቲሓ ይቅራ።

ምግብን በተመለከተ፣ በገበያው ውስጥ ያሉት የዱሮ ምግብ ቤቶች በአብዛኛው ሐላል የሚያቀርቡና መጠጥ የማይሸጡ ናቸው፤ ከገበያው ውጭ ባለው የከተማው ክፍል ግን መጠየቅ ግድ ነው። ቼቫፒ በከሰል የተጠበሰ፣ እንደ ጣት የተድቦለቦለ የተፈጨ ሥጋ ነው፤ ሶሙን በሚባል ለስላሳ ቂጣ ውስጥ ተደርጎ ከጥሬ ሽንኩርት ጋር ይቀርባል። በአምስት ወይም በአሥር ፍሬ ነው የሚታዘዘው። «ቡሬክ» ብለው ሲያዙ የሥጋውን ብቻ ይሰጡዎታል፤ የአይብ፣ የጎመንና የድንቹ ሌላ ሌላ ስም አላቸው፤ አይብ ያለውን ቡሬክ ብሎ መጥራት ለሳራዬቮ ሰው ስድብ ነው ማለት ይቻላል። በረመዷን ሶሙን ላይ ጥቁር አዝሙድ ይነሰነሳል፤ ከመግሪብ በፊት በዳቦ ቤቶች ደጃፍ ሰልፍ ይሆናል። የፊጥር ሰዓት ሲደርስ ከገበያው በላይ ካለው ቢጫው ምሽግ መድፍ ይተኮሳል፤ ሰው ምግቡን ይዞ እዚያው ሣር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጊዜውን መምረጥ የሚችል በረመዷን ቢሄድ ጥሩ ነው።

ቡናው የሚፈላው ጀዝቫ በሚባል ባለ ረጅም እጀታ የመዳብ ዕቃ ነው፤ ከስኳርና ከአንድ ቁራጭ ራሐት ጋር በትንሽ ሰሐን ይቀርባል። አተላው እንዲረጋ ጥቂት ይጠበቃል። ስኳሩን ጫፉን ነክረው ነክሰው ቡናውን ይጠጡበታል። የእኛ ሰው «ከጀበናችን አይበልጥም» ማለቱ አይቀርም፤ እኛም አንከራከርም። ግን በጥድፊያ የማይጠጣ መሆኑ ያመሳስላቸዋል።

የመዳብ ዕቃ ለመግዛት ከፈለጉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በካዛንጂሉክ ከሚሸጠው ውስጥ ከሌላ አገር በፋብሪካ ተሠርቶ የመጣም አለ፤ በእጅ የተቀጠቀጠው የመዶሻ ምልክቱ እኩል አይደለም፤ ክብደትም አለው። ቡና ሊያፈሉበት ከሆነ ውስጡ ነጣ ባለ ቆርቆሮ የተለበጠ መሆኑን አይተው ይግዙ፤ ያልተለበጠ መዳብ ለጌጥ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ባለሙያው እዚያው ሲቀጠቅጥ ከሚታይበት ሱቅ መግዛት ይሻላል፤ የእጅ ሙያተኞቹ ቁጥር እያነሰ ነው፤ ገበያውን ገበያ አድርገው የያዙት ደግሞ እነርሱ ናቸው። ከከበባው ዘመን የመድፍና የጥይት ቀለህ የተሠሩ ብዕሮችና የአበባ ማስቀመጫዎችም ይሸጣሉ። አንዳንዱ ጎብኚ እንደ መጫወቻ ያነሣቸዋል፤ ከተማዋ 1,425 ቀን በተከበበችበት ጊዜ በሰው ላይ የተተኮሱ መሆናቸውን አውቆ መግዛት የተለየ ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሳራዬቮ አብዛኛውን ጊዜ የሚኬደው በኢስታንቡል በኩል ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ ላላቸው ቀለል ያለ መግቢያ ሊኖር ስለሚችል ትኬት ከመቁረጥ በፊት የቦስኒያን ኤምባሲ መጠየቅ ነው። ገንዘቡ የቦስኒያ ማርክ ነው፤ ምንዛሬው ከዩሮ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ 1 ዩሮ ሁልጊዜ 1.95583 ማርክ ነው። ብዙ ሱቆች ዩሮ ይቀበላሉ፤ መልሱን ግን በማርክ ይሰጣሉ። ትንንሾቹ ሱቆች ካርድ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ትራም እስከ አደባባዩ ያደርሳል። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነውና ተረከዝ የሌለው ጫማ ያድርጉ፤ ክረምቱም በረዶ የሚጥልበት ስለሆነ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚሄድ ሰው ወፍራም ካፖርት አይርሳ።