ከ«ይቻላቸዋል» እስከ «ተስማምተዋል»

በጅቡቲ ከተማ፣ በሆዳን ሠፈር የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ቤቱ በአማርኛ፣ ገበያው በሶማሊኛ ይውላል፤ የሚፈርመው ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። የኪራይ ውል ሲነበብለት «ይችላል»ን ከ«ይገባዋል» የሚለይ አስተርጓሚ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ከዘመናት በፊት በእነዚሁ መሰል ሁለት ቃላት መካከል ያለው ክፍተት መንግሥታትን አዋግቷል።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር ውጫሌ ላይ 20 አንቀጽ ያለው ውል ተዋዋሉ። የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ጽሑፍ እኩል እንዲጸኑ ተወስኖ ነበር። ነገር ግን የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቃል «ኮንሴንቴ» ሆነ። ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ይህ ቃል በቀጥታ «ግዴታ አለባቸው» ማለት አይደለም፤ «ተስማምተዋል» ወይም «ፈቅደዋል» ማለት ነው። ተንኮሉም የረቀቀው በዚህ ነው። የሚቻለው ሰው ሊተወው ይችላል፤ በውል የተስማማ ግን ታስሯል። ሮማም ቃሉን በዚህ መንገድ ተርጉማ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ንግሣቸውን ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ለጀርመኑ ቄሣር ዊልሄልም በጻፉ ጊዜ፣ የመጣላቸው መልስ ጉዳያቸውን በኢጣልያ በኩል እንዲልኩ የሚያሳስብ ነበር።

አንቶኔሊ ጠቡን ሊያበርድ ተመልሶ መጣ። እቴጌ ጣይቱ ግን የሚበገሩ አልሆኑም። በ1883 ዓ.ም. አንድ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ አንቶኔሊ አማርኛውን ቢያስመረምር 17ኛው አንቀጽ እንዳለ እንዲቆይ ሳይሆን እንዲሰረዝ የሚል ሆኖ አገኘው። ለዓመታት በሸዋ የኖረ ሰው በአንዲት የአማርኛ ቃል መያዙ ያስገርማል! ተቆጥቶ ድርድሩን አፍርሶ ሄደ።

ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን ለመንግሥታቱ አስታወቁ። የቀረው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተፈጸመ።

በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል አፍርሶ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት አጸደቀ። የተጻፈውም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር፤ ኢጣልያንኛ አልገባበትም።