አረንጓዴው ቁልፍ፦ የነፃ ኖታ ድረ ገጾችና የአታላይ ማስታወቂያ ታሪክ

ፒያኖ ጀማሪ የሆነ ሰው የባኽን አንድ አጭር ሥራ ፈልጎ ነፃ ኖታ የሚሰጥ ድረ ገጽ ሲከፍት፣ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው «አውርድ» በሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ላይ ነው። እውነተኛው ማውረጃ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር ነው። አረንጓዴው ማስታወቂያ ነው። የተጫነው ሰው የሚያገኘው ኖታውን ሳይሆን ፋይል እለውጣለሁ የሚል የማያውቀው ፕሮግራም፣ ወይም የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ «ነፃ ሙከራ» ነው። እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች በአንድ ወቅት በሙዚቃ ተማሪዎች ዘንድ እንደ ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ይወደዱ ነበር። ቁልፉ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ለማወቅ ወደ 1992 መመለስ ያስፈልጋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በዚያ ዓመት ጄምስ ቤንደር የተባለ ሰው በላስ ቬጋስ በሚገኘው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የጊታር ጽሑፎች ማከማቻ ጀመረ። በኋላ «ኦልጋ» በሚል ምህጻረ ቃል ታወቀ። በውስጡ የሚቀመጠው ጊታር ተጫዋቾች «ታብ» የሚሉት ነው፦ ለስድስቱ ክሮች ስድስት የሰረዝ መስመር፣ በመስመሮቹ ላይ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚነግሩ ቁጥሮች። ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። ክራር የሚማር ልጅ የመምህሩን ጣቶች እያየ እንደሚይዘው ሁሉ፣ ታብም የአንድን ሰው ጣቶች ሩቅ ላለ ሌላ ሰው በጽሑፍ ማሳያ ነው። አንዱ ካሴቱን እያቆመና እየመለሰ ዘፈኑን በጆሮው ይለቅማል፤ ቁጥሮቹን ይተይብና ይልካል። ሌላው «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተሳስተሃል» ብሎ ያርመዋል። ስህተቱ ብዙ ነበር፤ ለስህተቱም ሆነ ለእርማቱ የሚከፍል አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያም አልነበረም፤ ፋይሎቹ ሥዕል የሌለባቸው ደረቅ ጽሑፎች ነበሩ።

ማስታወቂያው የመጣው ከሌላ በኩል ነው። በኦክቶበር 1994 ሆትዋይርድ የተባለው የመጽሔት ድረ ገጽ የመጀመሪያዎቹን የባነር ማስታወቂያዎች አወጣ። ከነዚህ ውስጥ ስሙ የቀረው የስልክ ኩባንያው የኤቲ ኤንድ ቲ ባነር ነው፤ አንባቢው እንዲጫነው ከመገፋፋት በቀር የሚሸጠውን ዕቃ እንኳ አያሳይም ነበር። ቀስ በቀስ የማስታወቂያ ዋጋ በተመልካች ብዛት ብቻ ሳይሆን በጠቅታ ይተመን ጀመር። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ወዶ የተጫነውና ተታሎ የተጫነው ሰው ዋጋቸው እኩል ነው፤ ሒሳብ መዝገቡ ሁለቱን አይለይም። ጉግል በ2003 አድሴንስን ሲከፍት ደግሞ ማንኛውም ባለ ድረ ገጽ ጥቂት መስመር ኮድ ለጥፎ ቦታውን ማከራየት ቻለ። የሚወጣውን ማስታወቂያ ራሱ አይመርጠውም፤ ብዙ ጊዜም አስቀድሞ አያየውም። ተከራዩን ሳያይ ቤቱን እንደሚያከራይ ሰው ሆነ።

ኦልጋን የገጠመው ግን የጠበቃ ደብዳቤ ነው። በ1996 ከሙዚቃ ኩባንያው ኢኤምአይ፣ በ1998 የአሳታሚዎችን ክፍያ ከሚሰበስበው ሃሪ ፎክስ ኤጀንሲ፣ በ2006 ከአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚ ማኅበራት። የመጨረሻው ዘጋው። የዘፈን ደራሲ ለሥራው መከፈል አለበት የሚለው ክርክር ተገቢ ነው፤ በነፃ የተየበውም ሰው የሚተይበው የሌላ ሰው ዜማ ነበር። ነገር ግን ደብዳቤውን መቋቋም የሚችለው ጠበቃ መቅጠር የሚችል ነው፤ ጠበቃ የሚቀጥረው ገቢ ያለው ነው፤ ገቢውም ከማስታወቂያ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ሲወጡ ነጋዴዎቹ ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ፣ በ1998 በሩሲያ ካሊኒንግራድ የተጀመረው አልቲሜት ጊታር፣ በ2010 ከዚያው ከሃሪ ፎክስ ጋር የፈቃድ ውል ተፈራረመ። ለደራሲዎቹ መልካም ነበር፤ የኦልጋን መንገድ ግን የሚመልሰው አልነበረም።

በእነዚያ ዓመታት የግጥምና የታብ ድረ ገጾችን ያጥለቀለቀው «የዚህን ዘፈን የስልክ ጥሪ በነፃ ውሰድ» የሚል ማስታወቂያ ነበር። ወጣቱ የስልክ ቁጥሩን ያስገባል፤ በወሩ መጨረሻ የወላጆቹ የስልክ ሒሳብ ላይ ያላሰቡት የወርሃዊ አገልግሎት ክፍያ ይመጣል። በ2007 የፍሎሪዳ ግዛት ዐቃቤ ሕግ እንዲህ ካለው «ነፃ» ማስታወቂያ ጋር በተያያዘ አንድን የማስታወቂያ ድርጅት 1 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏል። የጥሪ ድምፅ ፋሽኑ ሲያልፍ ተተኪው አረንጓዴው ቁልፍ ሆነ።

በክላሲካል ሙዚቃ በኩል ያለው ታሪክ ትንሽ ይለያል። ኤድዋርድ ጉዎ የተባለ ተማሪ በፌብሩዋሪ 2006 የቅጂ መብታቸው ያለቀ ኖታዎችን የሚያከማች አይኤምኤስኤልፒ የተባለ ድረ ገጽ ጀመረ። በኦክቶበር 2007 የቪየናው አሳታሚ ዩኒቨርሳል ኤዲሽን ጠበቆች ጻፉለትና ዘጋው። ክርክሩ የሀገር ክርክር ነበር፦ ካናዳ በዚያን ጊዜ ደራሲው ከሞተ 50 ዓመት በኋላ ሥራውን ነፃ ትለቅ ነበር፤ አውሮፓ ግን 70 ዓመት ትጠብቃለች። በጁን 2008 እንደገና ተከፈተ። የሰርቨሩን ወጪ ለመሸፈን በኋላ ላይ አባልነት ተጀመረ፤ አባል ያልሆነ ሰው ፋይሉ እስኪከፈት 15 ሰከንድ ይጠብቃል። ብዙዎች አጉረመረሙ። ማጉረምረሙ ግን ፍትሐዊ አይመስልም፤ «ወይ ክፈል ወይ ጠብቅ» ማለት ምንም ቢያሰለች ማታለል አይደለም፤ የሚጠይቀውን ዋጋ ፊት ለፊት ይናገራል።

በፌብሩዋሪ 2016 ጉግል በክሮም ብሮውዘሩ የሐሰት «አውርድ» ቁልፍ የያዙ ገጾችን በቀይ ማስጠንቀቂያ እንደሚያግድ አስታወቀ። የሚያታልለው ማስታወቂያው ቢሆንም ቀዩ ማስጠንቀቂያ የሚወጣው በገጹ ላይ ነው፤ ማለትም ማስታወቂያውን ባልመረጠው ባለ ድረ ገጽ ላይ። ከማስታወቂያ ገበያው ትልቁን ድርሻ የያዘው ደግሞ ያው ጉግል ነው። ማስጠንቀቂያው ብዙ ቆሻሻ ጠርጓል፤ ቁልፉ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። «አውርድ» ማለት ሲከለከል «ጀምር»፣ «ቀጥል»፣ «ክፈት» ማለት ለመደ።

ጉዳቱ የሚያርፈው በጀማሪው ላይ ነው። የለመደ ሙዚቀኛ የትኛው መስመር እውነተኛ እንደሆነ ያውቃል። በሃምሳ ዓመቱ መማር የጀመረ ሰው ወይም የእናቱን ኮምፒዩተር የተዋሰ ልጅ ግን አያውቅም፤ አንዴ ኮምፒዩተሩ ከተበላሸበት ወደዚያ ገጽ ዳግም አይመለስም። ለዚህ ነው ብዙ መምህራን የድረ ገጹን አድራሻ መስጠት ትተው ኖታውን ራሳቸው አትመው የሚያድሉት።

የኦልጋ ፋይሎች አልጠፉም። ከመዘጋቱ በፊትም በኋላም ተገልብጠው በየቦታው ተበትነዋል። ዛሬም አንዳንዱ ታብ ላይ በ1990ዎቹ የተየበው ሰው ስምና የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል አድራሻ፣ ከሥሩም «ስህተት ካገኛችሁ ጻፉልኝ» የሚል ዓይነት ማስታወሻ ይነበባል። ከማስታወሻው ጎን ቁልፉ አለ።